መልስ፦ የቴኒስ ጨዋታው 4 ለ 2 ላይ ለምን ቆመ?

«ቡድናችን 4 ለ 2 አሸነፈ ተባለ፤ አንዱ ሜዳ ላይ ግን ገና እየተጫወቱ ነበር፤ ለምን ተቋረጠ?» ላሉት፦ በአሜሪካ ኮሌጆች ዲቪዚዮን 1 (ከፍተኛው ምድብ) ቴኒስ የአንድ ግጥሚያ ነጥብ 7 ነው፤ ቀድሞ 4 የደረሰ አሸነፈ። የቀረው ሜዳ «ያልተጠናቀቀ» ተብሎ ይመዘገባል። አንዳንዴ አሰልጣኞቹ ተስማምተው እስከ መጨረሻው ያጫውታሉ፤ 5 ለ 2 ወይም 6 ለ 1 የሚያዩት ያኔ ነው።

እባክዎ መጀመሪያ ለሚካሄደው የጥንድ (ሁለት ለሁለት) ጨዋታ አይዘግዩ! ሦስት ጥንዶች በአንዴ ይጀምራሉ፣ እስከ 6 ጌም ብቻ። ሁለቱን የወሰደ ቡድን አንድ ነጥብ ያገኛል። ትንሽ ይመስላል፤ ግን ከዚያ በኋላ እያንዳንዳቸው አንድ ነጥብ ከሚያስገኙት ስድስት የነጠላ ጨዋታዎች ሦስቱ ይበቁታል፣ ተሸናፊው አራት ያስፈልገዋል።

በአንድ ጌም ውስጥ 40 እኩል ሲሆን አድቫንቴጅ (በሁለት ኳስ እስኪበልጡ መቀጠል) የለም። አንድ ኳስ ጌሙን ይጨርሳል፤ ከቀኝ ወይስ ከግራ እንደሚቀበል የሚመርጠው ተቀባዩ ነው። ቡድኖቹ 3 ለ 3 ሆነው እንዲህ ያለ ኳስ ሲመጣ፣ ጨዋታቸውን የጨረሱት ልጆች ሜዳው ዳር ተደርድረው ሲጮኹ ማየት ነው ደስታው።

የቡድን ውድድሩ ከጃንዋሪ እስከ ሜይ ነው። ለማጠቃለያው ሻምፒዮና 64 ቡድኖች ይገባሉ፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች የሚያስተናግዱት በወቅቱ ውጤታቸው የተመረጡት 16ቱ ምርጦች ናቸው፤ ስለዚህ የፌብሩዋሪዋንም ግጥሚያ አይናቁ።