ካሜራው ከመፈታቱ በፊት

ጥያቄ፦ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ከአንድ ግለሰብ ላይ ዞርኪ 4 የሚባል አሮጌ የፊልም ካሜራ በ9,000 ብር ገዛሁ። ከመግዛቴ በፊት «ሻተሩ ምንም አይልም፣ ፊልም አስገብተህ ማንሳት ብቻ ነው» ብሎ በቴሌግራም ጽፎልኛል (ሻተር ብርሃን ወደ ፊልሙ እንዲገባ የሚከፈትና የሚዘጋ ክፍል ነው)። ጠዋት ጠዋት ጣና ዳር ታንኳዎችን አነሳሁበት። ፊልሙን አዲስ አበባ ልኬ ሳሳጥበው ግን ሁሉም ፎቶ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ አለ። ሻጩ «ያገለገለ ዕቃ ነው የገዛኸው፣ አንዴ ከእጄ ወጥቷል» አለኝ። አንድ ሰዓት ሠሪ የሻተሩን ጨርቅ በ3,500 ብር እቀይርልሃለሁ ይላል። መመለስ እችላለሁ? ወይስ የጥገናውን ሻጩ ይከፍላል?

መልስ፦ ለሰዓት ሠሪው ገና ካልሰጡት፣ እባክዎ አይስጡት። በሥራዬ ደጋግሞ የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው፤ ሰው ዕቃውን አሠርቶ፣ የተበላሸውን ክፍል ጥሎ፣ ከዚያ በኋላ «ተበላሽቶ ነው የሸጠልኝ» ብሎ ይመጣል። እውነቱን እያወቅሁ የማስረዳበት ነገር አጣለሁ።

«ያገለገለ ነው» የሚለው መልስ ብቻውን ሻጩን ነፃ አያወጣውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2287 ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት እንደሌለበት ዋስ ነው ይላል፤ አዲስ ብቻ ሲሆን ነው አላለም። ያገለገለ ካሜራ ቆዳው ቢላላጥ፣ ጠርዙ ቢቧጨር የሚጠበቅ ነው። ይሠራል ተብሎ የተሸጠ ሻተር ብርሃን ካሳለፈ ግን ካሜራው ለተገዛበት ሥራ አልዋለም። ያ የቴሌግራም መልእክት ትልቅ ማስረጃዎ ነው፤ ለተንቀሳቃሽ ዕቃ ሽያጭ የግድ የጽሑፍ ውል አያስፈልግም። ስክሪንሾት ብቻ አድርገው መልእክቱን እንዳያጠፉት።

ከባዱ ጥያቄ ጉድለቱ መቼ መጣ የሚለው ነው። ዞርኪ ውስጥ ብርሃኑን የሚያስቀይስ መስታወት የለም፤ ከሌንሱ በስተጀርባ ያለው ጎማ የተቀባው የሻተሩ ጨርቅ ብቻ ነው። ሌንሱ ክዳን ሳይደረግበት ፀሐይ ላይ ቢያነጣጥር ጨርቁን እንደ ማጉያ መነጽር ያቃጥለዋል። እርስዎ ደግሞ ጠዋት ጣና ላይ፣ ምናልባትም ፀሐይ ስትወጣ ነው ያነሱት። የሻጩ ጠበቃ ብሆን መጀመሪያ የማነሳው ይህንን ነው። ስለዚህ አይተው ይለዩት። የጀርባ ክዳኑንና ሌንሱን አውልቀው፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ከፊት በኩል የእጅ ባትሪ ያብሩበት። በፀሐይ የተቃጠለ ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ነው፤ ጠርዙም የተለበለበ ይመስላል። ዕድሜ የበላው ጨርቅ ግን ይሰነጣጠቃል፤ በየእጥፋቱ እንደ ኮከብ የተበተኑ ቀዳዳዎች ይታያሉ። እንዲህ ዓይነቱ በጥቂት ሳምንት አይመጣም። የካሜራው ቁጥር አብሮ እንዲታይ አድርገው በስልክ ያንሱት፤ ሁለት ሰው አጠገብዎ ቢኖር ይመረጣል። የታጠበውን ፊልም (ኔጋቲቩን) አይጣሉት።

ቀጥሎ ለሻጩ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ዛሬ ነገ ሳይሉ። ቁጥር 2292 ጉድለቱን እንዳወቁ ሳይዘገዩ እንዲያስታውቁ ያስገድዳል። «ካሜራው አልሠራም» አይበቃም፤ የሻተሩ ጨርቅ ቀዳዳ እንዳለውና ፎቶው ላይ ምን እንደወጣ ይግለጹ። ካስታወቁበት ቀን ጀምሮ ክስ ለማቅረብ አንድ ዓመት አለዎት። ጉድለቱን እያወቀ ደብቆ ከሆነ «እንዳለ ነው የሸጥኩት» የሚል ስምምነት ቢኖር እንኳ አያድነውም።

መመለስ የሚቻለው ጉድለቱ፣ ቢያውቁት ኖሮ ካሜራውን የማይገዙበት ዓይነት ሲሆን ነው። በእኔ እምነት የእርስዎ ወደዚያ ይጠጋል። ነገር ግን በ9,000 ብር ካሜራ ፍርድ ቤት መመላለስ ለማንም አይበጅም። የጥገናውን ዋጋ ሻጩ እንዲሸፍን ጠይቁት፤ ሁለታችሁም የምታከብሩት ሽማግሌ ካለ እሱ ፊት ይሁን። ሻጩ ከተስማማ ፈርማችሁ ያዙ። እምቢ ካለ ፎቶዎቹንና መልእክቱን ይዘው ወደ ወረዳው ፍርድ ቤት ይሂዱ።

ጥገናው ሲጀመር ከሰዓት ሠሪው ጋርም አጭር ወረቀት ይጻፉ፦ ጠቅላላ ዋጋው፣ የሚያስረክብበት ቀን፣ ከጥገናው በኋላ በአንድ ፊልም እንደሚሞከር። ካሜራው ቀድሞ እሱ ጋ ደርሶ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ሄደው አሮጌውን ጨርቅ ይቀበሉት፤ ፖስታ ውስጥ ከተው ቀን ይጻፉበት።