ሞተሩ አልተበላሸም ነበር

ይድረስ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ላይ ሆናችሁ «ከእንግዲህ አዲስ ነገር ብማር ምን ዋጋ አለው» ለምትሉ ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ በአንድ ለቅሶ ድንኳን፣ ወደ ገጠር ቀበሌ የተመደበች የሠላሳ አራት ዓመት የጤና ባለሙያ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። መሥሪያ ቤቷ ሞተር ሳይክል ሊሰጣት እንደሆነ ከነገረችኝ በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜዬ መንዳት ልማር ብል አልረፈደብኝም?» አለችኝ። ሳላስብበት «አልረፈደም» አልኳት። ቤቴ ገብቼ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እኔ ሞተር መንዳት የተማርኩት በሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ከዚያ በፊት የሆነውን ነገር ደግሞ ለባለቤቴ እንኳ በሙሉ ነግሬያት አላውቅም።

በ1979 ዓ.ም. የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ሳለሁ፣ ያኔ ዓለማያ እንለው በነበረው በዛሬው ሐሮማያ አካባቢ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበርኩ። ለክሊኒካችን አንድ ያማሃ ኤጂ 100 ተሰጥቶን ነበር፤ ለገበሬና ለገጠር ሠራተኛ ተብሎ የተሠራ፣ ፊትም ኋላም የዕቃ መጫኛ ያለው ጠንካራ ሞተር ነው። መንዳት የሚችለው አንድ የሥራ ባልደረባዬ ብቻ ስለነበር፣ አንድ እሑድ ወደ ድሬዳዋ ስንወርድ ደቻቱ ወንዝ ውስጥ ሊያስተምረኝ ወሰደኝ። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። (የ1998 ዓ.ም. የክረምቱን ሌሊት ጎርፍ ያየን ሰዎች ያንን አሸዋ እንደ ሜዳ ማየት ትተናል፤ ያኔ ግን የልጆች ኳስ መጫወቻ ነበር።) ጥቂት እንደሄድኩ ደነገጥኩና በቀኝ እጄ ያለውን የፊት ጎማ ፍሬን በሙሉ ኃይሌ ጨበጥኩት። የፊት ጎማ አሸዋ ላይ ከተቆለፈ መሪው መታዘዙን ያቆማል፤ ይህን የሚያስረዳኝ ግን ያኔ አላገኘሁም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ወደቅሁ፤ ከቀፊራ ገበያ የሚመለሱ ሰዎች ቆመው ሳቁ። ጉልበቴ በሳምንቱ ዳነ፣ ሳቁ ግን ጆሮዬ ውስጥ ቀረ፤ ሞተሩንም ዳግመኛ አልነካሁትም።

በዚያው ዓመት ባልደረባዬ ለሥራ ጉዳይ ሐረር በሄደበት ዕለት፣ ከማለዳው ሁለት ሰዓት ላይ አንድ ገበሬ እያለከለከ ክሊኒኩ ደረሰ። ላሙን ምጥ ይዟት ሌሊቱን ሙሉ አድራለች፤ የጥጃው ሁለት የፊት እግሮች ታይተዋል፣ ጭንቅላቱ ግን አልመጣም። ጥጃው አንገቱን ወደ ጎን አጥፎ መቅረቱን ከአነጋገሩ ገባኝ። እንዲህ ሲሆን ጥጃውን ወደ ውስጥ መልሶ ገፍቶ፣ አንገቱን በእጅና በገመድ አቃንቶ ማውጣት ይቻላል፤ ነገር ግን ሰዓቱ በገፋ ቁጥር ማሕፀኗ እየደረቀ ጥጃውን አጥብቆ ይይዘዋል፣ ላሚቱም ትደክማለች። ሞተሩ ነዳጅ ተሞልቶ በረንዳው ላይ ቆሟል፤ ቁልፉም ከበሩ በስተጀርባ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። እኔ ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ አንጠልጥዬ «ና እንሂድ» አልኩትና በእግር ጉዞ ጀመርን።

ገበሬው በረንዳው አጠገብ ቆም ብሎ ሞተሩን አየና በኦሮምኛ «ተበላሽቷል እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አዎ፣ ተበላሽቷል» አልኩት።

ሦስት ሰዓት ያህል ተጓዝን። ስንደርስ ላሚቱ በጎኗ ተዘርራለች፤ ጥጃው ሞቷል። ጥጃውን ቆራርጬ አወጣሁት፣ እሷ ግን ከዚያ በኋላ አልተነሣችም። የቤቱ ሕፃናት ወተት የሚጠጡት ከእሷ ብቻ ነበር። ገበሬው አልተቆጣኝም፤ እጄን የምታጠብበት ውኃ አመጣልኝና ሆጃ የሚባለውን የአገሩን ትኩስ መጠጥ አስፈልቶ አጠጣኝ። ቀድሜ ብደርስ በእርግጥ ትተርፍ ነበር ብዬ መማል አልችልም። ዛሬም ድረስ የሚቆረቁረኝ የላሚቱ ሞት ብቻ ሳይሆን ያቺ «አዎ» ናት። አለመቻል ነውር አይደለም፤ እኔ ግን አለመቻሌን በብረቱ ላይ አላከክሁት።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የሰው ጀርባ ላይ ተፈናጥጬ፣ የመሥሪያ ቤት መኪና ጠብቄ፣ አንዳንዴም ጭነት መኪና ለምኜ ሠራሁ። በ2006 ዓ.ም. ልጆቼ ራሳቸውን ሲችሉ፣ ሰፈራችን ባለ አንድ ጋራዥ ወደሚሠራ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሄጄ «አስተምረኝ» አልኩት። በድሬ ወግ «አንተ» እያለ፣ ያለ ምንም ማፈር አስተማረኝ። በሳቢያን በኩል ባለ ሜዳ፣ ፀሐይ ሳይበረታ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ እንገናኝ ነበር። ሦስት ጠዋት ሙሉ ነዳጅ እንድሰጥ አልፈቀደልኝም። አንደኛ ማርሽ አስገብቼ፣ የፍሪሲዮኑን እጀታ፣ የሞተሩን ኃይል ከጎማው የሚያገናኘውንና የሚለየውን፣ በአራት ጣቶቼ በጣም ቀስ እያልኩ እለቃለሁ፤ ሞተሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከሥሬ መንቀጥቀጥ ሲጀምርና ጎማው አንድ ስንዝር ሲንከባለል መልሼ እጨብጣለሁ። «እዚያች ቦታ ላይ ጣትህ ራሷ እስክትቆም ድረስ ሌላ ነገር አናይም» ይለኝ ነበር። በአራተኛው ቀን ጣቴ ራሷ ቆመች።

ስለ መንጃ ፈቃድና ስለ ሄልሜት አልጽፍላችሁም፤ ታውቁታላችሁ። ብታውቁትም ብዙዎቻችሁ ሄልሜቱን ክንዳችሁ ላይ አንጠልጥላችሁ፣ ስልክ በትከሻችሁና በጆሯችሁ መካከል ይዛችሁ ስትበሩ አያለሁ፣ ያሳዝነኛልም። ይሁን እንጂ እናንተ ከእኛ በአንድ ነገር ትበልጣላችሁ፤ የማታውቁትን ትጠይቃላችሁ። እኛ «አላውቅም» ከማለት ሦስት ሰዓት በእግር መሄድን የመረጥን ሰዎች ነን።

ዓይናችሁ ወዳለበት ሞተሩ ይሄዳልና ጉድጓዱን ሳይሆን ከጎኑ ያለውን መንገድ ተመልከቱ። አስፋልት ላይ የማቆም ጉልበቱ በብዛት ያለው በፊት ፍሬን ነው፤ ቀስ በቀስ እየጨመራችሁ ጭበጡት እንጂ አትፍሩት፤ አሸዋና ጠጠር ላይ ግን እግራችሁ ሥር ያለውን የኋላ ፍሬን አስቀድሙ። ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስትሆን ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከደንገጎ ወደ ድሬ የሚወርደውን ጠመዝማዛ በከባድ ማርሽ፣ ማለትም በአንደኛ ወይም በሁለተኛ፣ ሞተሩ ራሱ እንዲይዛችሁ አድርጋችሁ ውረዱት። ፍሬን ብቻ ይዞ የወረደ ሰው ፍሬኑ ግሎ በሚያስፈልገው ሰዓት ይከዳዋል።

ቀድሜ ብማር ኖሮ እላለሁ፤ ደግሞ በሃያ ስድስት ዓመቴ በነበረኝ እልክ ያንን ቁልቁለት ብወርደው ኖሮ ዛሬ ይህን ባልጻፍኩም ነበር ብዬ አስባለሁ። ሁለቱም እውነት ይመስሉኛል።

መንዳት በተማርኩ በዓመቱ ወደዚያ መንደር ሄድኩ። ገበሬው አርጅቷል። ሞተሩ ያን ቀን እንዳልተበላሸ፣ መንዳት የማልችለው እኔ እንደነበርኩ ነገርኩት። ያልኩትን አላስታወሰም። ላሚቱን ግን ያስታውሳታል፤ ግንባሯ ላይ የነበረውን ነጭ ምልክት በጣቱ አየር ላይ ሣለልኝ። ከዚያም ደጅ ያቆምኩትን ሞተር ተመለከተና «ከክሊኒኩ ስንት ደቂቃ ፈጀብህ?» አለኝ።

«ሃያ አምስት» አልኩት።

ልጄ፣ አንቺ ለቅሶ ቤት የጠየቅሽኝ፣ ይህ ከደረሰሽ ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ በሳቢያን በኩል ያለው ሜዳ ላይ ጠብቂኝ። ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማና ወፍራም ሱሪ አድርጊ። ሞተሩን እኔ አመጣለሁ፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ነዳጅ አትሰጪም።