የመኪና አደጋ ካሳና ጠበቃ አያያዝ፦ ጥያቄና መልስ

የሕግ ሰው፦ ስለ መኪና አደጋ ካሳና ስለ ጠበቃ ያላችሁን ጠይቁ። የምናገረው ስለ ኢትዮጵያ ሕግ ብቻ ነው፤ በሹፌሩ ላይ ያለውን የወንጀል ክስ ለዐቃቤ ሕግ ተዉት። አደጋው የደረሰበትን ቀን ሳትጽፉ አትጠይቁኝ።

ሰላም፦ ጋሼ፣ ወንድሜን መኪና ገጭቶት እግሩ ተሰብሯል። ጠበቃ ያስፈልገናል?

የሕግ ሰው፦ ቀኑስ?

ሰላም፦ ይቅርታ፣ አምና ጥቅምት።

የሕግ ሰው፦ እንግዲያው ጊዜ አለሽ፣ ግን አትተኚ። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2143 የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ (የክስ ማቅረቢያ ጊዜ ገደብ) ከዚያ የሚረዝም ከሆነ ረጅሙ ይሠራል ይላል ያው ቁጥር። እሱን ግን ለክርክር አስቀምጡት እንጂ ተማምናችሁበት እንዳትቀመጡ። የኢንሹራንስ ሰዎች «እያየነው ነው» እያሉ ሲያመላልሷችሁም ይርጋው እየሄደ ነው።

ወንድምሽ ዘላቂ ጉዳት ከደረሰበት ጠበቃ ያዙ። ሰው ሲሞትም፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሲያከራክርም እንደዚያው። ለተቧጨረ በርና ለተሰበረ ፍሬቻ ጠበቃ አያስፈልግም።

ባለ ሚኒባስ፦ ሹፌሩ ጥፋተኛ አይደለም ተብሎ ነጻ ከወጣ በኋላ ባለቤቱን መክሰስ ምን ዋጋ አለው?

የሕግ ሰው፦ ብዙ ዋጋ አለው። ሰው በዚህ እየተታለለ ነው መብቱን የሚተወው። በቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ያልፈቀደለት ሰው ቢነዳውም እንኳ። መኪናው በጊዜው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ብቻ ይድናል። ተጎጂው ራሱ አጥፍቶ ከሆነ ደግሞ ካሳው እንደ ጥፋቱ መጠን ይቀነሳል ወይም ጨርሶ ይቀራል። በወንጀል ነጻ መውጣት ደግሞ የፍትሐ ብሔሩን ዳኛ አያስረውም፣ ቁጥር 2149ን ተመልከቱ። ሁለት መኪኖች ሲጋጩ ግን ነገሩ ይለያል። አንደኛው ሹፌር ብቻውን ወይም በዋናነት ማጥፋቱ ካልተረጋገጠ ሁለቱም እኩል እንዳጠፉ ተቆጥሮ ጉዳቱ ለሁለት ይካፈላል።

አቤል፦ ምን ያህል ካሳ አገኛለሁ?

የሕግ ሰው፦ በዚህ ጥያቄ ማንም ሊመልስልህ አይችልም። ገቢህ፣ ዕድሜህ፣ የሐኪም ማስረጃህ የታሉ?

አቤል፦ እሺ፤ ዕድሜ 32፣ ደመወዝ 12,000 ብር። የሐኪሞች ቦርድ 20 በመቶ ዘላቂ ጉዳት ብሏል። አደጋው ስድስት ወሩ ነው።

የሕግ ሰው፦ አሁን ጠየቅክ። የ12,000 ብር 20 በመቶ በወር 2,400 ነው፣ በዓመት 28,800። እስከ ጡረታ 60 ዓመት ድረስ 28 ዓመት ስላለህ 806,400 ብር ይመጣል። ክስህ ላይ ይህን ስሌት ከነአካሄዱ ጻፈው። ዳኛው ገንዘቡ በአንድ ጊዜ የሚከፈል መሆኑን አይቶ፣ ልኩም በትክክል የማይታወቅ ከሆነ በቁጥር 2102 በርትዕ (በራሱ ሚዛን ተገቢ ነው ባለው ልክ) ሊወስን ስለሚችል ሙሉውን አትጠብቅ። የሕክምና ወጪና ሥራ ፈትተህ የተኛህበት ጊዜ ገቢ ለብቻ ይደመራሉ። የሞራል ካሳ ከ1,000 ብር አይበልጥም፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንደዚያ ብሎ ቀርቷል። ስለዚህ «በሞራል አንድ ሚሊዮን እናስፈርድልሃለን» የሚል ጠበቃ ካጋጠመህ ተነስተህ ውጣ።

ክሶች የሚወድቁት ብዙ ጊዜ በማስረጃ ነው። «ታክሟል» የሚል ወረቀት የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ አይደለም፣ የጉዳቱ መጠን በመቶኛ መጻፍ አለበት። ቁስሉ ሳይድን የተሰጠ መቶኛም ተከራካሪውን «ይሻሻላል» እንዲል በር ይከፍትለታል። የደመወዝ ደብዳቤ ብቻውን አይበቃም፣ ግብር የተከፈለበት ገቢ መሆኑ ይታይ። ነጋዴ ከሆንክ ለግብር ያሳወቅከው ገቢ ትንሽ ነበር ማለት ካሳህም ትንሽ ነው፤ ፍርድ ቤት ሄደህ ሌላ ገቢ ብታወራ የሚሰማህ የለም።

ቆንጂት፦ ለምን ፍርድ ቤት? በሽማግሌ ያልቃል እኮ። ጠበቃ ገንዘብ ለመብላት ነው።

ባለ ሚኒባስ፦ ልክ ነሽ እህቴ፣ በሽምግልና ሁለት ቀን ነው።

ሰላም፦ ሽማግሌ የባለመኪናው ዘመድ ሲሆንስ? 50 ሺህ ብር አስይዘው «ይቅር ለእግዚአብሔር» ያስባሉ፤ እግሩ ዕድሜ ልኩን ይጎዳል።

ቆንጂት፦ ሁሉም ሽማግሌ ወገንተኛ ነው እንዴ?

የሕግ ሰው፦ ተረጋጉ። ሽምግልናን አልነቅፍም። የጉዳቱ መቶኛ ሳይታወቅ መፈረምን ነው የምነቅፈው። ከመድን ድርጅትም ሆነ ከሽማግሌ የሚመጣ ወረቀት ላይ «ከዚህ በኋላ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል መስመር ካለ የቦርድ ማስረጃ ሳታገኙ አትፈርሙ። ደግሜ እላለሁ፣ አትፈርሙ።

ያሬድ፦ ጠበቃ ሲያዝ ምን እንጠይቅ?

የሕግ ሰው፦ ፈቃዱ መታደሱን፣ የፌዴራል ወይስ የክልል ፈቃድ መሆኑን። ክሱ ጉዳቱ በደረሰበት ወይም ተከሳሹ በሚኖርበት ቦታ ስለሚቀርብ ፈቃዱ እዚያ መሥራት አለበት። ከዚያ ውሉን በጽሑፍ። ክፍያው ቁርጥ ነው ወይስ ከተፈረደው በመቶኛ? ከተፈረደው ነው ወይስ በእጅ ከገባው? ሁለቱ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ለፍርድ ቤት የሚከፈለውን የዳኝነት ክፍያ ማን ይከፍላል? ይግባኝና አፈጻጸም ተካተዋል? ብዙ ውሎች በፍርዱ ያበቃሉ፤ ገንዘቡን ለማውጣት አፈጻጸም ሲከፈት ሌላ ክፍያ ይጠየቃል።

ውክልናውን ሰነዶች ማረጋገጫ ስትሄዱ የምትፈርሙትን አንብቡ። በቁጥር 2205 ተወካይ ልዩ ሥልጣን ካልተሰጠው መታረቅ አይችልም። የተለመደው የውክልና ጽሑፍ ግን «ለመታረቅ፣ ገንዘብ ለመቀበል» የሚል ይዞ ይመጣል። ያንን ካልፈለጋችሁ አስወጡት፤ ጠበቃው ቅር ቢለው ቅር ይበለው።

ክሱ ደግሞ ሹፌሩን፣ ባለቤቱንና መድን ሰጪውን አንድ ላይ ይያዝ። የሦስተኛ ወገን መድን ጣሪያ ስላለው ከዚያ የሚበልጠው ከባለቤቱ ነው የሚጠየቀው። ከክሱ ጋር መኪናው እንዳይሸጥ እግድ ጠይቁ። ያለበለዚያ ፍርዱ ሲመጣ መኪናው ተሸጦ ታገኙታላችሁ።

ናሆም፦ ገጭቶ ያመለጠ መኪና ከሆነስ? ታርጋውን ያየ የለም።

የሕግ ሰው፦ የመድን ፈንድ። አዋጅ 799/2005 ለዚሁ ነው ያቋቋመው፤ መድን የሌለው መኪና ከገጨም ወደዚያው ነው። የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርትና ፕላን (የአደጋውን ቦታ ንድፍ) ያዝ።

ብዙ፦ ለዳኝነት የሚከፈል ገንዘብ የለንም።

የሕግ ሰው፦ በደሃ ደንብ ለመክሰስ አመልክቱ፣ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ቁጥር 467 ጀምሮ አለ። አቅም እንደሌላችሁ ማስረጃ ያዙ።

ተስፋ፦ ጋሼ፣ የኔ ጉዳይ ትንሽ ይለያል፤ ጠበቃ ልያዝ ወይስ አልያዝ?

የሕግ ሰው፦ ቀኑስ?