ስክሮል እየተደረገ የሚነበብ የዳታ ታሪክ ለምትሠሩ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

አንባቢ ገጹን ወደ ታች በገፋ ቁጥር ግራፉ የሚለዋወጥበት የዳታ ታሪክ ልትሠሩ ስትነሡ፣ ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት እያንዳንዱ እርምጃ ለአንባቢው የሚነግረውን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀምጡ። ዓረፍተ ነገር ያልተገኘለት እርምጃ፣ እንቅስቃሴው የቱንም ያህል ቢያምር፣ ይውጣ።

የአገራችንን የሕዝብ ቆጠራ እንውሰድ። እስካሁን የተካሄዱት አጠቃላይ ቆጠራዎች የ1976፣ የ1987 እና የ1999 ዓ.ም. ናቸው። ጀማሪ ሦስቱን ነጥቦች በአንድ መስመር አገናኝቶ እስከ ዛሬ ይጎትተዋል፤ ነገር ግን የ1976ቱ ቁጥር ኤርትራን ይጨምራል፣ ከ1999 ወዲህ ያለውም ግምት እንጂ ቆጠራ አይደለም። የስክሮል ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያ ነጥቦቹ ብቻቸውን ይቀርባሉ፤ ቀጥሎ የኤርትራ ድርሻ ሲቀነስ የ1976ቱ ነጥብ ዝቅ ማለቱን አንባቢው በዓይኑ ያያል፤ ከዚያ በ1987 ከነበረው 53 ሚሊዮን በ1999 ወደ 73 ሚሊዮን የወጣው መስመር ይሳላል፤ በመጨረሻ ግምቱ በተቆራረጠ መስመር ይቀጥላል። በቆመ ሥዕል ይህን ሁሉ ለማስረዳት ማንም የማያነበው የግርጌ ማስታወሻ ያስፈልጋል።

በኮዱ በኩል፣ ጽሑፉ ሲንቀሳቀስ ግራፉ ባለበት እንዲቆይ በሲኤስኤስ (የገጽን መልክ በሚወስነው ቋንቋ) ስቲኪ በሚባለው ትእዛዝ አቁሙት፤ አንባቢው የትኛው አንቀጽ ላይ እንደደረሰ ለማወቅም ፒክስል ከመቁጠር ይልቅ ብራውዘሩ ውስጥ ያለውን ኢንተርሴክሽን ኦብዘርቨር፣ ማለትም አንድ የገጽ ክፍል ስክሪኑ ላይ ሲገባና ሲወጣ የሚያሳውቀውን መሣሪያ፣ ተጠቀሙ። የአማርኛው ፎንት ዘግይቶ ሲጫን የአንቀጾቹ ቁመት ስለሚለወጥ፣ ቀድማችሁ የለካችሁት ሁሉ ይፋለሳል። ከሁሉም በላይ ግን «እዚህ ሲደርስ ይህን ጨምር» የሚል ኮድ አትጻፉ፤ «በሦስተኛው እርምጃ ግራፉ ይህን ይመስላል» ብላችሁ ሙሉ መልኩን ግለጹ። አንባቢ ወደ ላይ ይመለሳል፣ በአንድ ጊዜም ከአንደኛው ወደ አራተኛው ይዘልላል፤ በጭማሪ ብቻ የተሠራ ግራፍ ያን ጊዜ ይደበላለቃል። የስክሮሉን ፍጥነት ከአንባቢው ጣት ነጥቆ በራሱ የሚያስሮጥ ገጽ፣ በእኔ ግምት፣ ከንቀት አይለይም።

እንቅስቃሴ እንዲቀነስ በስልኩ ያዘዘ ሰው ትእዛዙ ይከበርለት፤ ሥራችሁንም በርካሽ ስልክ ሞክሩት።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። ዓመቱን ከፈረንጆቹ ላይ 8 እየቀነሳችሁ አታስሉ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መገባደጃ ልዩነቱ 7 ስለሆነ፣ በጥቅምት የተካሄደው የ1987ቱ ቆጠራ 1986 ሆኖ ይወጣባችኋል፤ ጃቫስክሪፕት (የገጹ ኮድ የሚጻፍበት ቋንቋ) ራሱ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ስለሚያውቅ ስሌቱን ለእሱ ተዉለት።