ስማችሁ የካውንቲው መዝገብ ላይ አለ ወይ?

አገር ቤት ንብረት ያለው ሰው ካርታውን ሣጥን ውስጥ ቆልፎ ያስቀምጣል፤ አሜሪካ መጥቶ ቤት ሲገዛም መጀመሪያ የሚጠይቀው «ካርታው የታለ?» ብሎ ነው። እዚህ ግን ዋናው ነገር እጃችሁ የገባው ወረቀት ሳይሆን፣ ዲድ የሚባለው የስም ማዛወሪያ ሰነድ ካውንቲው (የአካባቢው አስተዳደር) ዘንድ መመዝገቡና በማን ስም መመዝገቡ ነው። መዝገቡ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ ዘመድ ሳይፈለግ፣ ደጅ ሳይጠና ማንም ሰው ያየዋል። አዲስ መጤ ወገኖችን አጅቤ በየቢሮው ስመላለስ የታዘብኩት ግን አብዛኞቻችን መዝገቡን የምናስታውሰው ነገሩ ከተበላሸ በኋላ መሆኑን ነው።

1. የቤት መዝገብ

በሜሪላንድ ዲድና የቤት ብድር ሰነድ የሚመዘገበው በየካውንቲው የሰርኪዩት ኮርት (የካውንቲው ፍርድ ቤት) ክለርክ በተባለው መዝጋቢ ዘንድ ነው፤ የሞንትጎመሪው ሮክቪል፣ የፕሪንስ ጆርጅሱ አፐር ማርልቦሮ ይገኛል። ኤምዲ ላንድሬክ በተባለው ድረ ገጽ በነጻ ተመዝግባችሁ ሰነዱን ራሱን ማንበብ ትችላላችሁ። ስለዚህ ቤት በገዛችሁ ሰሞን የመንግሥት መስሎ ለሚመጣውና የዲዳችሁን ቅጂ በውድ ዋጋ ሊሸጥላችሁ ለሚሞክረው ደብዳቤ ገንዘብ አትላኩ። በቨርጂኒያ ከተሞቹ ከካውንቲ ውጭ ራሳቸውን የቻሉ ስለሆኑ በፖስታ አድራሻ አትታለሉ፤ ቤይሊስ ክሮስሮድስ የሚኖር ሰው ደብዳቤው «ፎልስ ቸርች» ወይም «አሌክሳንድሪያ» ተብሎ ቢደርሰውም መዝገቡ ያለው ፌርፋክስ ካውንቲ ነው። ዲሲ ውስጥ ካውንቲ ስለሌለ ፍለጋው ሪኮርደር ኦፍ ዲድስ በተባለው የዲድ መዝጋቢ ቢሮ ይሆናል። የእኛ ባልና ሚስት የአባት ስማቸው ስለሚለያይ በሁለቱም ስም ፈልጉ፤ ገብረ ሚካኤልን የመሰለ ስም ሲሆን ደግሞ በአንድ ቃልም በሁለት ቃልም ሞክሩ።

2. የፍርድ ቤት መዝገብ

ኬዝ ሰርች የተባለው የሜሪላንድ ፍርድ ቤቶች መፈለጊያ ድረ ገጽ በነጻ ይሠራል፤ የክሱን ዓይነት፣ ቀጠሮውንና ውጤቱን ያሳያል። ክስ ኖሮባችሁ ለዜግነት ስታመለክቱ ግን ከስልካችሁ ፎቶ ያነሣችሁት ገጽ አይበቃም፤ ክለርኩ ማኅተም ያደረገበትን የውሳኔ ቅጂ አውጡ። የኪሳራ ጉዳይ የሚገኘው ካውንቲው ዘንድ ሳይሆን ፔሰር በተባለው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ድረ ገጽ ላይ ነው። የመጥሪያ ፖስታ ሳይከፍቱ መሳቢያ ውስጥ መወርወር ደግሞ ይቅርባችሁ። በሜሪላንድ ዲስትሪክት ኮርት በገንዘብ የተከሰሰ ሰው መጥሪያው በደረሰው በ15 ቀን ውስጥ እንደሚከራከር ካላሳወቀ በሌለበት ሊፈረድበት ይችላል። ያ ፍርድ የት እንደሚደርስ ከዚህ በታች ታያላችሁ።

3. በወንድም፣ በእኅት፣ በአበልጅ ስም የሚገዛ ቤት

ያንገበገበኝ ይህ ነው። ሦስት ወንድማማቾች ይመካከሩና ክሬዲቱ ደህና በሆነው በአንዱ ስም ቤት ይገዛል። ቅድመ ክፍያው ከሁሉም ዕቁብ ይወጣል፤ ወርሃዊው ክፍያም እየተዋጣ ለዓመታት ይሄዳል። ሰነዱን ብታዩት ግን ያለው የአንድ ሰው ስም ብቻ ነው። «ዲዱን አይታችሁታል?» ብዬ ስጠይቅ የሚመለስልኝ «ወንድሜ እኮ ነው!» የሚል ቁጣ ነው። ወንድምህ መሆኑን ማን ካደ? እኔ የጠየቅሁት ስለ መዝገቡ ነው።

ወንድም ክፉ ባይሆንም ቤቱ ሊሄድ ይችላል። የክሬዲት ካርድ ዕዳ ተፈርዶበት ፍርዱ በካውንቲው ሰርኪዩት ኮርት ከተመዘገበ፣ በስሙ ባለው ቤት ላይ የዕዳ እገዳ ይሆናል፤ እናንተ ስትከፍሉ መኖራችሁን መዝገቡ አያውቅም። ቢፋታ ቤቱ በንብረት ክፍፍሉ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ኑዛዜ ሳይተው ቢሞት፣ ሚስትና ልጆች ካሉት ወንድምና እኅት ከውርሱ ድርሻ የላቸውም። አንዲት እኅታችን ሌሊት አረጋውያን እየጠበቀች ያገኘችውን ለዓመታት ለቤቱ ስታዋጣ ኖራ፣ ወንድሟ በሞተ ጊዜ የቀብሩ ሐዘን ሳይወጣላት ስለ ቤቱ የምታሳየው የተጻፈ ነገር አጣች። ሽማግሌዎች ተቀምጠው አለቀሱላት፤ ሊያስታርቁም ሞከሩ። ሽማግሌ ግን ሰውን ያስታርቃል እንጂ ዲድ አይለውጥም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል እያልን ያደግን ሰዎች፣ የዕድሜያችንን ትልቁን ገንዘብ በቃል ብቻ ማስረከባችን እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፤ ብድሩ ላይ መፈረምና ዲዱ ላይ መግባት አንድ አይደሉም። አበዳሪው ከፈቀደ፣ ክሬዲት የሌለውና ብድሩን ያልፈረመ ሰው በግዢው ዕለት ስሙ ዲዱ ላይ ሊገባ ይችላል። ይህን ጥያቄ ግዢው ተፈርሞ ከሚያልቅበት ከመዝጊያው ቀን አስቀድማችሁ አንሡ፤ ደላላው የኛው ሰው ነው ብላችሁ ዝም አትበሉ። አጻጻፉም ይለያያል፤ በአንደኛው ዓይነት አንዱ ሲሞት ድርሻው በሕይወት ላለው ተጋሪ ሲያልፍ፣ በሌላኛው ለየራሱ ወራሾች ይሄዳል። የትኛው እንደተጻፈ አንብቡ።

ቤቱ ቀድሞ ከተገዛ ግን ዛሬውኑ ሰነዱን አውጥታችሁ እዩት። ስማችሁ ከሌለ፣ ፍቅሩ ሳለና ወንድማችሁ በሕይወት ሳለ አብራችሁ ጠበቃ ዘንድ ሂዱ። ስም መጨመር አዲስ ዲድ ማስመዝገብ ስለሚጠይቅና ግብሩንም ብድሩንም ሊነካ ስለሚችል አበዳሪውን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ በኢንተርኔት በተገኘ ፎርም ራሳችሁ አትሞክሩት። አበዳሪው እንቢ ካለ ማን ስንት እንዳዋጣ፣ ቤቱ ሲሸጥ እንዴት እንደሚከፈልና ባለስሙ ቢሞት ምን እንደሚሆን ጠበቃው በጽሑፍ ያዘጋጅላችሁ። ወንድማችሁ ሚስት ካለችው እርሷም ትፈርም፤ የከፈላችሁበትን የባንክ ማስረጃም አንድ ሳታስቀሩ ከውሉ ጋር አያይዙት።