300 ዶላሩን አትክፈል

ጥያቄው የመጣው ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ጠያቂው የ26 ዓመት ወጣት ነው። ቅዳሜና እሁድ የሐበሻ ሠርግ ፎቶ ያነሳል፤ በሥራ ቀን ደለስ ኤርፖርት መኪና አከራይ ዘንድ ይሠራል፤ ግሪን ካርድ አለው። ደብዳቤውን አሳጥሬ ላስቀምጠው፦ «ጋሼ፣ ትንንሽ አውሮፕላኖችን ከሌላ አውሮፕላን ላይ ሆኜ፣ እየበረሩ ፎቶ ማንሳት ሙያዬ እንዲሆን እፈልጋለሁ። ሁለት ፓይለቶች ተዋውቄያለሁ። 300 ዶላር ከከፈልኳቸው አንዱ ሴስና በምትባለው ትንሽ አውሮፕላኑ ይዞኝ ይወጣል፣ ሌላው ጎን ለጎን ይበርልኛል። ሠርጉን ልተወው? ባለ 100-500 ሌንስ ልግዛ? ድሮንስ ይጠቅመኛል? ወደፊትስ አገር ቤት ይሠራ ይሆን?»

ወንድሜ፣ ቶሎ የሚያልቀውን ላስቀድም። ድሮኑን እርሳው። ሰፈርህ ከሬገን ኤርፖርት በ15 ማይል ዙሪያ ውስጥ ስለሆነ ያለ አቪዬሽን መሥሪያ ቤቱ (ኤፍኤኤ) ልዩ ፈቃድ ድሮን ማስነሳት ክልክል ነው። ከክልሉ ብትወጣም በደንቡ መሠረት ድሮን ከመሬት 400 ጫማ ገደማ ላይ ይቆማል፤ በሰዓት 140 ማይል የሚበር አውሮፕላን አጠገብ ደግሞ ጭራሽ መገኘት የለበትም። ለቤት ሽያጭ ፎቶ ይሆንሃል፣ ለዚህኛው ግን መሣሪያው አይደለም። አገር ቤትም ለጊዜው ተወው። እዚያ የግል ትንሽ አውሮፕላን ያለው ሰው ከስንት አንድ ነው፤ ትንንሾቹ በብዛት የማሠልጠኛ ናቸው። ደንበኛህ ያለው እዚህ አሜሪካ ነው።

አሁን ወደ 300 ዶላሩ። የአሜሪካ የበረራ ደንብ በቁጥር 91.111 ላይ ስለ ፎርሜሽን፣ ማለትም ተጠጋግቶ አብሮ ስለ መብረር፣ የማያሻማ ነገር ይላል። ፓይለቶቹ አስቀድመው ሳይስማሙ በፎርሜሽን መብረር አይቻልም፤ ከፋይ ተሳፋሪ አሳፍሮ በፎርሜሽን መብረር ደግሞ ጨርሶ ክልክል ነው። በዚያ ላይ ሰዎቹ ያላቸው ፕራይቬት ላይሰንስ ይመስለኛል (ከአጻጻፍህ እንደገመትኩት የእሁድ በራሪዎች ናቸው)። ፕራይቬት ፓይለት ከተሳፋሪው ጋር የነዳጅና የኪራይ ወጪ መጋራት ይችላል፤ ስለበረረ ብቻ ገንዘብ መቀበል ግን አይፈቀድለትም። እግዜር አያምጣውና አንድ ነገር ቢፈጠር ኢንሹራንሱ መጀመሪያ የሚያነሳው ጥያቄ ይኸው ነው፤ መልሱም የሁላችሁንም ኪስ ያራቁታል። ኮሜርሻል ላይሰንስ ያለው ፓይለት ግን ለአየር ላይ ፎቶ ሥራ ሊቀጠር ይችላል፤ ለዚያ ሥራ የአየር መንገድ ዓይነት ሰርተፊኬት አይጠየቅም። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለውን በረራ አውሮፕላኑን ፎቶ የሚያስነሳው ደንበኛ ወይም መጽሔቱ ያዘጋጀዋል፤ ፎቶ አንሺው ተከፍሎት ይወጣል እንጂ ከፍሎ አይወጣም።

ሕጉን አነሳሁ እንጂ እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ደብዳቤህ ውስጥ የሌለው ነገር ነው። ሁለቱ ሰዎች ፎርሜሽን ተምረው እንደሆነ አልጻፍክም። ምናልባት አልጠየቅካቸውም።

አየር ላይ የሚሆነውን ላስረዳህ። አንተ ያለህበት አውሮፕላን መሪ ይሆናል፤ ፍጥነቱንና ከፍታውን ይዞ፣ ምንም ሳይዋልል ይበራል። ፎቶ የሚነሳው ተከታይ ነው። የተከታዩ ፓይለት ወደ ፊት አያይም፣ ዳሽቦርዱንም አያይም፤ ዓይኑ ከእናንተ ክንፍ አይነቀልም። ኮረብታ ቢመጣ፣ ሌላ አውሮፕላን ቢመጣ፣ የሚያይለት መሪው ነው። ይህ ደግሞ ለፕራይቬት ላይሰንስ ከሚሰጠው ትምህርት ውስጥ የለም፤ ለብቻው ይሠለጠናል። የድሮ የጦር አውሮፕላን የሚያበሩት ፋስት በሚባለው ማኅበር፣ ራሳቸው በገጣጠሙት አርቪን በመሰለ አውሮፕላን የሚበሩት ደግሞ ኤፍኤፍአይ በሚባለው በኩል ተፈትነው የፎርሜሽን ካርድ ይይዛሉ። ስለዚህ አንድን ፓይለት ስትተዋወቅ «ስንት ዓመት በረርክ?» ከማለትህ በፊት «ካርድ አለህ?» በል። ሃያ ዓመት ብቻውን የበረረ ሰው ሌላ አውሮፕላን አጠገቡ ሲመጣ ጀማሪ ነው።

ልምድ ያላቸውም ቢሆኑ ከአደጋ አያመልጡም። በፈረንጆቹ ጁን 1966 ካሊፎርኒያ ላይ ጀነራል ኤሌክትሪክ በእሱ ሞተር የሚበሩ 5 ወታደራዊ አውሮፕላኖችን ባንድ ላይ ፎቶ ለማስነሳት ፈልጎ ፎርሜሽን ተሠራ፤ ካሜራው ያለው ሌርጄት በሚባል ትንሽ ጄት ውስጥ ነበር። ፎቶው ሊያልቅ ሲል ከአምስቱ አንዱ፣ ኤፍ-104 የሚባለው ተዋጊ፣ የግዙፉን ቦምብ ጣይ የኤክስቢ-70ን ክንፍ ጫፍ ነካ። ኤፍ-104ቱን የሚያበረው ጆ ዎከር ኤክስ-15 የሚባለውን የሮኬት አውሮፕላን ያበረረ፣ በዘመኑ ከነበሩት የሙከራ ፓይለቶች ስሙ ከፍ ያለ ሰው ነበር። እሱም፣ የኤክስቢ-70 ረዳት አብራሪ ካርል ክሮስም ሞቱ። አደጋው የደረሰው በሙከራ ላይ አልነበረም፤ ለማስታወቂያ ፎቶ ሲበሩ ነበር።

በዚህ ምክንያት የደህና ሥራ ግማሹ ያልቃል መሬት ላይ፣ ቡና ይዞ ጠረጴዛ ዙሪያ። ብሪፊንግ ይባላል። ማን ይመራል፣ በየትኛው ከፍታ፣ ከየትኛው ሜዳ በላይ፣ ተከታዩ በየት ጎን ይጠጋል፣ በየትኛው የሬዲዮ ቁጥር ይነጋገራሉ። ተከታዩ መሪውን ከዓይኑ ቢያጣው ወደ የት ይሸሻል፣ መሪውስ ወደ የት? አንድ ሰው «ይብቃ» ካለ ሁሉም ያለ ክርክር ይራራቃል፤ ያ ሰው አንተም ልትሆን ትችላለህ። አንተ ለተከታዩ አትጮህም፤ የምትፈልገውን ለራስህ ፓይለት ትነግረዋለህ፣ እሱ በሬዲዮ ያስተላልፋል። የምትፈልጋቸውን ፎቶዎች በወረቀት ስለህ ብትመጣ ፓይለቶቹ ይወዱሃል። አየር ላይ «እስቲ ደግሞ ትንሽ ጠጋ» የሚል ፎቶ አንሺ ግን ሁለተኛ አይጠራም፤ አይጠራም ብቻ ሳይሆን ስሙ ኤርፖርት ለኤርፖርት ይዞራል።

ፍጥነትም አለ። የድሮው ፓይፐር ከብ በሰዓት 75 ማይል ገደማ ነው የሚጓዘው፤ ሲረስ ኤስአር22 ከ200 ያልፋል። በመደበኛ የጉዞ ፍጥነታቸው ከሄዱ አንተን የያዘው ሴስና 172 ከሲረሱ እኩል መሄድ አይችልም፤ ከቡም ሴስናውን አይደርስበትም። ስለዚህ ማን በማን ላይ ሆኖ እንደሚነሳ የሚወሰነው በፍጥነት መገጣጠም ነው። ብዙዎቹ ባለሙያዎች ቢችክራፍት ቦናንዛ ኤ36 የሚወዱት የኋላ በሩን አውልቆ መብረር ስለሚቻል፣ ፍጥነቱም ሰፊ ስለሆነ ነው። ሴስና 172 ላይ ከሆንክ መስኮቱ ከላይ በማጠፊያ የተንጠለጠለ ነው፤ የሚይዘው ትንሽ ክንድ ሲፈታ ነፋሱ ራሱ ወደ ክንፉ ሥር ያነሳውና እዚያው ይይዘዋል። ክንዱን ግን መካኒክ ይፍታው፣ አንተ አትንካው። የሌንስ ኮፍያ፣ ክዳን፣ መነጽር፣ በኪስህ ያለ ሳንቲም፣ ሁሉም ከመሳፈርህ በፊት መሬት ላይ ይቅር። ካሜራውን ከመስኮቱ መስመር አታውጣ፤ ክንድህንም የአውሮፕላኑ አካል ላይ አታስደግፍ፣ የሞተሩ ንዝረት በክርንህ በኩል ወደ ካሜራው ይገባል።

በር በሌለበት ስትወጣ የምትታሰርበት ቀበቶ ራስህ በአንድ እጅ የምትፈታው መሆን አለበት። በፈረንጆቹ ማርች 2018 ኒው ዮርክ ላይ በሩ ተከፍቶ ለፎቶ የወጣ ሄሊኮፕተር ኢስት ሪቨር ውስጥ ሲወድቅ 5ቱም ተሳፋሪዎች ሞተዋል፤ የታሰሩበት ተጨማሪ ቀበቶ በቀላሉ የሚፈታ አልነበረም።

አሁን ሌንሱ። በሠርግ ሥራ የለመድከው የካሜራ መዝጊያ (ሸተር) ፍጥነት እዚህ አይሠራም። ሴስናው አፍንጫው ላይ ያለውን ፕሮፔለር በደቂቃ 2400 ዙር ሲያዞር በሰከንድ 40 ዙር ማለት ነው። በ1/1000 ሰከንድ ካነሳኸው ፕሮፔለሩ በዚያች ቅጽበት 14 ዲግሪ ብቻ ስለሚዞር ቀጥ ብሎ የቆመ ይመስላል፤ ባለቤቱ ፎቶውን ሲያይ ሞተሩ የጠፋበት አውሮፕላን ነው የሚታየው። ባለ ሁለት ምላጩ ፕሮፔለር ሙሉ ክብ ሆኖ እንዲታይ ግማሽ ዙር መዞር አለበት፤ ያ 1/80 ነው። ባለ ሦስት ከሆነ ሲሶ ዙር ይበቃዋል፣ 1/125 አድርገው። እንግዲህ በሚንቀጠቀጥ ነገር ውስጥ ተቀምጠህ፣ ሌላ የሚንቀጠቀጥ ነገር በ1/80 አንሳ ማለት ነው። 500 ሚሊሜትር ላይ ይህን መያዝ ከባድ ነው፤ ደግሞም አያስፈልግህም፣ ተከታዩ ቅርብ ነው። ባለ 24-105 ወይም 70-200 ሌንስ ሥራውን ይሠራል፤ ሠርግ ላይ አንዱን ይዘህ እንደምትዞር እገምታለሁ። ኬንዮን የሚባለውን የካሜራ ማረጋጊያ ጃይሮ ወደፊት ሥራ ሲመጣ ትከራየዋለህ።

ሰዓቱን ሳልነግርህ እንዳላልፍ፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ባለው አንድ ሰዓት ወይም ከመጥለቋ በፊት ባለው ነው። ብርሃኑ ስለሚያምር ብቻ አይደለም፣ ያኔ አየሩ ይረጋል፤ እኩለ ቀን ላይ መሬቱ ሲግል አየሩ ሁለቱንም አውሮፕላን ያንገላታል፣ መጠጋትም አደገኛ ይሆናል። ጥሩ መሪ ሰፋ ያለ ክብ እየሠራ ይዞራል፤ አንተ ከመቀመጫህ ሳትነሳ ፀሐይዋ ተከታዩን ዙሪያውን ትዞረዋለች፣ ከጀርባው ያለው መሬትም ከጫካ ወደ ወንዝ ይቀየራል። ክብ በዞራችሁ ቁጥር አፍንጫውና ጎኑ አብረው በፀሐይ የሚያበሩባት አጭር ቅጽበት ትመጣለች። እሷን ጠብቅ።

ሠርጉን አትተው። በዚህ ሥራ ብቻ የሚኖር ሰው አሜሪካም ውስጥ ጥቂት ነው፤ አብዛኞቹ የመጽሔት ሥራ፣ የፋብሪካ ማስታወቂያና የሽያጭ ፎቶ ቀላቅለው ነው የሚኖሩት። ሰዎች ሳያዩት የሚያልፉት በር ይህ የመጨረሻው፣ የሽያጭ ፎቶው፣ ይመስለኛል። ያገለገለ አውሮፕላን የሚሸጥ ደላላ ከምንም በላይ የሚፈልገው ዳሽቦርዱን፣ ወንበሩንና ቀለሙን አጥርቶ የሚያሳይ ፎቶ ነው፤ ገዢው ሌላ ስቴት ስለሆነ ከፎቶው ነው የሚወስነው። የሽያጭ ማስታወቂያዎቹን ክፈትና ተመልከት፤ ብዙዎቹ በስልክ፣ ሃንጋር ውስጥ፣ በጨለማ የተነሱ ናቸው። አንተ ነጭ ቬሎና ነጭ ሐበሻ ቀሚስ በቀትር ፀሐይ ሳይቃጠል ማንሳት ታውቃለህ። አብዛኛው ትንሽ አውሮፕላን ነጭ ነው። ሃንጋር ውስጥ በደንብ ያነሳህለት ባለቤት ነው አንድ ቀን «አየር ላይም ብታነሳልኝ» የሚልህ።

270 የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዘህ ፍሬድሪክ ሂድ፤ ከቤትህ ሩቅ አይደለም። የአውሮፕላን ባለቤቶችና ፓይለቶች ማኅበር፣ ኤኦፒኤ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚያው ኤርፖርቱ ላይ ነው፤ የራሱ መጽሔት አለው። መጀመሪያ ቀን ፎቶ ይዘህ ቢሮ አትግባ፤ ኤርፖርቱን ልመደው፣ ሰዎቹም ይልመዱህ። በጁላይ መጨረሻ ዊስኮንሲን ኦሽኮሽ ላይ ኢኤኤ የሚባለው የአውሮፕላን ወዳጆች ማኅበር በሚያዘጋጀው ትርኢት ከ10 ሺህ በላይ አውሮፕላን ይሰበሰባል፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ የዚህ ሙያ ሰው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ነው። ለሚመጣው ዓመት ከወዲሁ ከሥራህ ፈቃድ ጠይቅ።

አውሮፕላን ውስጥ መሥራትን የምትማርበትም ቦታ አለ፤ ሲቪል ኤር ፓትሮል። የአየር ኃይሉ ረዳት የበጎ ፈቃደኞች ድርጅት ነው፣ ግሪን ካርድ ያለውን ይቀበላል፣ የጣት አሻራ ይጠይቃል። ከሴስና መስኮት የጎርፍና የአውሎ ነፋስ ጉዳት የሚያነሳ የአየር ላይ ፎቶ አንሺ ብሎ ያሠለጥናል። አውሮፕላን ከአውሮፕላን አታነሳም፤ ግን ሬዲዮ ሲያወሩ መስማት፣ መቼ ዝም እንደሚባል፣ ሆድህ ሲገላበጥ ካሜራ መያዝ እዚያ ትለምዳለህ። ማቅለሽለሽ የሚያጠቃህ ሰው ከሆንክ በዚያ ብታውቀው ይሻላል።

በዚህ ወቅት ግን እሁድ እሁድ ሠርግ በሌለህ ቀን ወደ ቢልተን፣ ቨርጂኒያ ውረድ። ከሜይ እስከ ኦክቶበር ስቲርማን የሚባሉ የድሮ አውሮፕላኖች፣ ወንበራቸው ክፍት፣ ክንፋቸው ድርብ የሆኑ፣ ይበሩበታል። ሜዳው ላይ ቆመህ፣ ካሜራውን 1/60 ላይ አድርገህ፣ ከአውሮፕላኑ ጋር ወገብህን እያዞርክ አንሳ። መጀመሪያ ሁሉም ይደበዝዝብሃል፤ ሠርግ የሚያነሳ እጅ ቆሞ የሚጠብቅ እጅ ስለሆነ እስኪለምድ ይቸገራል። አውሮፕላኑ ስለታም፣ ፕሮፔለሩ ክብ የሆነ ፎቶ ደጋግሞ ሲወጣልህ ነው ፓይለት ለማነጋገር ጊዜው የሚደርሰው።

ለሁለቱ ሰዎች ደግሞ ዛሬውኑ በትሕትና ጻፍላቸው። ክፍያውን እንደማትችል ንገራቸው፤ ሕጉን አንሳላቸው፣ ምናልባት አላሰቡትም ይሆናል። ከዚያ ሁለት ነገር ጠይቅ፦ ፎርሜሽን ከማን ተማሩ? ኢንሹራንሳቸው የፎርሜሽን በረራ እንደሚሸፍን በጽሑፍ ማሳየት ይችላሉ? ከተቆጡ አጋጣሚው አለፈህ ብለህ አትዘን። በደንብ ከመለሱልህ ደግሞ አብረሃቸው በነፃ ከመውጣትህ በፊት መልሳቸውን ላክልኝና እንየው። ሌንሱን ኦክቶበር እስኪያልፍ አትግዛ።