ነጭ ጋቢ በነጭ ግድግዳ ላይ ሲጠፋ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከሰሜን ሸዋ አንባቢዎቻችን የደረሱን ጥያቄዎች ባንድ ጉዳይ ዙሪያ ናቸው፤ በስልክ ከተነሣ ፎቶ ላይ ባክግራውንዱን አጥፍቶ ሰውን፣ በግን ወይም ዕቃን ለብቻው ማውጣት።

ጥያቄ፦ በታናሽ እህቴ የሠርግ ጥሪ ካርድ ላይ የእናትና የአባታችንን ፎቶ ማውጣት ፈልጌ ነበር። ሁለቱም ነጭ ለብሰው፣ በኖራ በተቀባ ግድግዳ ፊት ነው የተነሡት። ባክግራውንዱን ሳጠፋ የአባቴ ጋቢ ከትከሻው ላይ ተቆርሶ ይቀራል፤ በእናቴ ፀጉር ዙሪያ ደግሞ ነጭ ክር የመሰለ ነገር አይለቅም። ሦስት መተግበሪያ ቀያይሬ ሞክሬያለሁ። (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ አራተኛ ቢጨምሩም ያው ነው። መተግበሪያው መጀመሪያ ሰው ያለበትን ቦታ ይገምታል፤ ቀጥሎ ጠርዙን የሚፈልገው በቀለምና በብርሃን ልዩነት ነው። ነጭ ጋቢ ከነጭ ኖራ ጋር ሲገናኝ ልዩነት ስለሌለ በአቦ ሰጡኝ ይቆርጣል። እያንዳንዱ መተግበሪያ የሚበላው ቦታ ይለያይ ይሆናል እንጂ መብላቱ አይቀርም።

ደግነቱ፣ የተቆረሰው ትከሻ ተደብቆ ነው እንጂ አልጠፋም። ማጥፊያና መመለሻ የሚባሉ ሁለት ብሩሾች ያሉት መተግበሪያ ይክፈቱ፤ ፎቶሩም ፒክስአርትም አላቸው። አይፎን ላይ ፎቶውን በጣት ተጭኖ በማቆየት የሚወጣው ግን ብሩሽ ስለሌለው ለእንዲህ ያለው ጥገና አይሆንም።

ከሁሉ በፊት ከተቆረጠው ምስል ኋላ ደማቅ ቀይ ወይም ጥቁር አረንጓዴ ቀለም ያስገቡ። ይህ ጊዜያዊ ነው፤ ነገር ግን ነጭ ቅሪት በነጭ ስክሪን ላይ ስለማይታይ ያለዚህ ቀለም የሚደረግ ጥገና በጭፍን መሥራት ነው። ከዚያ በሁለት ጣት ትከሻው ስክሪኑን እስኪሞላ ድረስ ያጉሉት። መመለሻውን ይዘው የጋቢው ጥበብ በግልጽ ከሚታይበት ቦታ ይጀምሩና ወደ ተቆረሰው ይሂዱ። ጥበቡ ጨርቁ ወዴት እንደሚታጠፍ ስለሚያሳይ ጠርዙን የሚመራዎት እሱ ነው። ጣትዎ የሚሠሩበትን ቦታ እንዳይሸፍንብዎ፣ ብዙዎቹ መተግበሪያዎች የብሩሹን ነጥብ ከጣት በላይ ከፍ የሚያደርግ ማስተካከያ አላቸው፤ ይጠቀሙበት። ለትከሻ ጠርዙ ጠንካራ የሆነ ብሩሽ፣ ለተቋጨው የጋቢ ጫፍ ደግሞ ለስላሳ ይሁን። በየመሀሉ ብቅ ብቅ ያለውን ክር ሁሉ ለማዳን አይድከሙ፤ ሁለት ሦስት ክር ብቻ ቢተዉ ዓይን ቀሪውን ይሞላዋል።

ወደ ፀጉሩ ስንመጣ፣ ነጩ ክር የግድግዳው ቀለም ነው። አንዲት የፀጉር ዘለላ ከአንድ ፒክስል (ፎቶው ከተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች አንዱ) ልትቀጥን ስለምትችል በዚያች ነጥብ ላይ ፀጉርና ኖራ ተቀላቅለዋል፤ ሊለያቸው የሚችል ብሩሽ የለም። ስለዚህ በለስላሳ ማጥፊያ ከጠርዙ 2 ወይም 3 ፒክስል ወደ ውስጥ ገባ ብለው ይቁረጡ። ሹሩባ ጠርዙ ጥብቅ ስለሆነ ይህ ይበቃዋል። ጎፈሬ ከሆነ ግን ዋናው መፍትሔ የአዲሱ ባክግራውንድ ምርጫ ነው። በነጭ ግድግዳ ፊት የተነሣ ፀጉር ክሬም ወይም ፈዘዝ ያለ ቀለም ላይ ሲቀመጥ ነጩ ጠርዝ ይሰወራል፤ ጥቁር ቀይ ላይ ሲቀመጥ ግን ይጮኻል። ካርዱን ክሬም ያድርጉት።

እንደገና ማንሣት ከተቻለ ደግሞ ሁሉንም ይተዉና ያንሡ። አሥር ደቂቃ ፎቶ ማንሣት የአንድ ሰዓት ጥገና ያስቀራል። ከኋላ ከነጩ ጋቢም ከፀጉራቸውም የሚለይ ቀለም ያለው ባና ወይም ብርድ ልብስ ይዘርጉ፤ ወላጆችዎ ከባናው 1.5 ሜትር ያህል ወደ ፊት ይቁሙ፣ ጥላቸው እንዳያርፍበት። ፖርትሬት የሚለውን አነሣስ አይጠቀሙ፤ ስልኩ ራሱ ጠርዙን አደብዝዞ ስለሚያስቀምጠው ቆራጩ ድብዛዛውን ከሰውየው ጋር ይወስደዋል። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች የቀትር ፀሐይዋ ኃይለኛ ናት፤ በጋቢው እጥፋት ውስጥ የሚፈጥረውን ድቅድቅ ጥላ መተግበሪያው ባክግራውንድ ነው ብሎ ሊያወጣው ይችላል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት፣ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ወይም በቤት ጥላ ሥር ያንሡ። ሌንሱን መጥረግም አይርሱ፤ ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት የገባ ስልክ ሌንሱ ጉም ይለብሳል፣ ጠርዝም አብሮ ይደበዝዛል።

ጥያቄ፦ የመንዝ በግ በቴሌግራም እናሻሽጣለን። ባክግራውንዱን ስናጠፋ የበጉ እግር ከሰኮናው ይጎድላል፣ አንዳንዴም ሁለት በግ ተጣብቆ ይወጣል። (ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ ሰኮናው የጎደለው ሣር ውስጥ ስለተቀበረ ነው፤ በፎቶው ላይ ያልታየውን ቆራጩ ከየት ያመጣዋል? በጉን አውድማ ላይ ወይም በተረገጠ ደጅ ያቁሙት። ከኋላው የድንጋይ ካብ አይሁን፤ ግራጫና ቡላ ፀጉር ከድንጋዩ ጋር ይመሳሰላል። ሌሎቹ በጎች ቢያንስ የአንድ በግ ቁመት ያህል ይራቁ፤ ከተነካኩ መተግበሪያው እንደ አንድ አካል ያያቸዋል።

አንሺው 2 ሜትር ያህል ርቆ ቁጢጥ ይበል፣ ሌንሱም በበጉ ሆድ ትይዩ ይሁን። ቆሞ ከላይ ያነሣ እንደሆነ ጀርባው ይገዝፋል፣ እግሩ ያጥራል። በአራቱም እግሮች መካከል ብርሃን መታየት አለበት። ከጎን ትንሽ ወደ ኋላ ዞር ብለው ቢያነሡ ላቱም አብሮ ይወጣል፤ ገዢ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ገመዱ ቀጭን ስለሆነ ተቆራርጦ ይቀራል፤ ወይ ሙሉውን ይመልሱት፣ ወይ ሙሉውን ያጥፉት።

የመንዝ በግ ፀጉር ረጅምና ሻካራ ነው፤ ጠርዙ መስመር አይደለም። በመቀስ የተቆረጠ ወረቀት እንዳይመስል ጠርዙን በ1 ወይም 2 ፒክስል ያለስልሱት። ነጭ በግ ሣር ላይ ከተነሣ ሆዱና እግሩ አረንጓዴ ነጸብራቅ ይይዛል፤ አዲስ ባክግራውንድ ላይ ሲቀመጥ ይህ ቀለም ወዲያው ያጋልጠዋል። በማረሚያው ላይ አረንጓዴውን ብቻ ለይተው ይቀንሱለት። በመጨረሻም ከሰኮናዎቹ ሥር ሞላላ ጥቁር ጥላ ይሥሩ፣ ያደብዝዙት፣ ድምቀቱንም ወደ 25 ወይም 30 በመቶ ያውርዱት። ጥላ የሌለው በግ አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል።

አንድ ነገር አጥብቀን እንለምናለን። ባክግራውንዱ የጠፋበት በግ መጠኑ አይታወቅም፤ ጠቦቱም ሙክቱም እኩል ይመስላሉ። ሰው አጠገቡ የቆመበትን ያልተነካ ፎቶ ሁልጊዜ አብራችሁ ለጥፉ።

ጥያቄ፦ ባክግራውንዱ በትክክል ይጠፋል፤ በቴሌግራም ለማተሚያ ቤት ስልከው ግን ጥቁር ሆኖ ይደርሳል። (ከደብረ ሲና)

መልስ፦ ባዶ ቦታን መያዝ ከሚችሉት የፋይል ዓይነቶች አንዱ ፒኤንጂ የሚባለው ነው። እንደ ተራ ፎቶ ሲልኩት ቴሌግራም ወደ ጄፒጂ ይለውጠዋል፤ ጄፒጂ ደግሞ ባዶ የሚባል ነገር ስለማያውቅ ቦታውን በጥቁር ወይም በነጭ ይሞላዋል። በተለመደው አላላክ የፎቶውንም ረጅም ጎን ወደ 1280 ፒክስል ያሳንሰዋል፣ ይህ ደግሞ ለባነር አይበቃም። የወረቀት መያዣ የምትመስለውን ምልክት ነክተው "ፋይል" የሚለውን ይምረጡና ከዚያ ይላኩት።

ስክሪንሾት አንሥተውም አይላኩ። ባዶነትን የሚያሳዩት የዳማ ሰሌዳ የመሰሉ ነጭና ግራጫ ካሬዎች አብረው ይነሡና የፎቶው አካል ሆነው ይቀራሉ።

ጥያቄ፦ ስልኬ የቆየ አንድሮይድ ነው፣ ተጭኖ ማቆየት አይሠራም። በነፃ ጉርድ ፎቶ መሥራት እችላለሁ? (ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ ይችላሉ። ተጭኖ በማቆየት መቁረጥ የመጣው በአይፎን ከአይኦኤስ 16 (እ.ኤ.አ. 2022) ጋር ነው፣ እሱም ከቴንኤስ (XS) እና ቴንአር (XR) ጀምሮ ባሉት ስልኮች ብቻ፤ በሳምሰንግ ደግሞ ከዋን ዩአይ 5.1 (እ.ኤ.አ. 2023) ጋር። ለሌላው ሪሙቭ ቢጂ (remove.bg) የተባለው ድረ ገጽ አለ። ሥራው የሚሠራው በእነሱ ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ ስልክዎ ቢያረጅም ግድ የለም፤ ኢንተርኔት ብቻ ይኑርዎ።

በነፃ የሚሰጠው 0.25 ሜጋፒክስል (250,000 ፒክስል) ነው። ያንሳል ብለው አይተዉት፤ 3 በ4 ሴንቲሜትር ጉርድ ፎቶ በኢንች 300 ነጥብ ሲታተም የሚፈልገው 354 በ472 ፒክስል ብቻ ነው። ስሕተቱ የሚፈጠረው ሙሉ ቁመት ያለውን ፎቶ ጭነው፣ ከተቆረጠ በኋላ ፊቱን ሲከረክሙ ነው፤ ያን ጊዜ ለፊቱ የሚተርፈው ጥቂት ፒክስል ስለሆነ ሕትመቱ ይደበዝዛል። ቅደም ተከተሉን ይገልብጡት፦ መጀመሪያ በ3፡4 መጠን ይከርክሙ፣ ከዚያ ይጫኑ። ወደ 433 በ577 ፒክስል ይደርስዎታል፣ ከበቂም በላይ ነው። በ10 በ15 ሴንቲሜትር ወረቀት ላይ ከመቁረጫ ክፍተት ጋር 9 ጉርድ ፎቶ ይገባል።

ጥያቄ፦ ለዲቪ የምሞላውን ፎቶ በዚሁ መንገድ ባክግራውንዱን ነጭ ላድርገው? (ከዓለም ከተማ)

መልስ፦ አያድርጉት። መመሪያው መልክ የሚለውጥ የኮምፒውተር ማስተካከያ የተደረገበትን ፎቶ አይቀበልም፤ ቆራጩ ደግሞ ሳያስቡት ጆሮ ወይም የፀጉር መስመር ይሸርፋል። የተተኮሰ ነጭ አንሶላ ግድግዳ ላይ ወጥረው፣ ከእሱ 1 ሜትር ወደ ፊት ቆመው፣ ከመስኮት ፊት ለፊት ሆነው ይነሡ። መነጽር ይውለቅ። ፎቶው አራቱም ጎኑ እኩል፣ ከ600 በ600 እስከ 1200 በ1200 ፒክስል፣ ጄፒጂ፣ ከ240 ኪሎባይት ያልበለጠ፣ በ6 ወር ውስጥ የተነሣ ይሁን። ከአገጭ እስከ አናት ያለው ርዝመት ከፎቶው ቁመት ከ50 እስከ 69 በመቶ መያዝ አለበት፤ ስለዚህ ሲያነሡ ሰፋ አድርገው ያንሡና በኋላ ይከርክሙት።